አንዱ ምስል ያምራል፣ 48ቱ ብልጭ ድርግም ይላሉ፦ በግራፊክስ ምርምርና በአኒሜሽን ፊልም መካከል የተማርኩት

የኮምፒውተር ግራፊክስ ምርምርን በዩኒቨርሲቲ ጀምሬ ወደ አኒሜሽን ፊልም ተሻገርኩ፣ በኋላም ወደ ማስተማር ተመለስኩ። ከእኔ በፊት ብዙ ሰው የሄደበት መንገድ ነው። ፓት ሃንራሃን በአኒሜሽን ስቱዲዮው ፒክሳር ውስጥ ሬንደርማን ከተባለው ምስል አስሊ ሶፍትዌር ዋና ነዳፊዎች አንዱ ነበሩ፤ ከዚያ ወደ ፕሪንስተን፣ ቀጥሎም ወደ ስታንፎርድ ሄዱ። ቶኒ ዴሮዝ በተቃራኒው የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰርነታቸውን ትተው ፒክሳር ገቡ። ሰው እንዲህ ይመላለሳል፤ ሥራው ግን እንደ ሰው በቀላሉ አይሻገርም። ቤተ ሙከራ ውስጥ “ሠርቷል” የሚባለውና ስቱዲዮ ውስጥ “ሠርቷል” የሚባለው ለየቅል ናቸው። ይህን ባለማወቄ ብዙ ወራት ባክነውብኛል፤ እናንተ እንዳታባክኑ ከመጀመሪያው ጀምሬ ልጻፈው። የምጠቅሳቸው ዓመቶች በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

የመጀመሪያው ስህተቴ የዶክትሬት ርዕስ ስመርጥ ነው። የመረጥኩት ምስሎቹ ስላማሩኝ እንጂ ከሥራቸው ያለውን ሒሳብ ስለቻልኩት አልነበረም። ብርሃን ለማስላት ፕሮባቢሊቲ፣ ጨርቅና ውሃ ለማስላት ኒውመሪካል አናሊሲስ፣ ለሁሉም ደግሞ ሊኒየር አልጀብራና የጠነከረ ሲ ፕላስ ፕላስ ያስፈልጋል። ርዕስ ከመያዛችሁ በፊት በመስኩ የታወቀ አንድ ጥናት ምረጡና የደራሲዎቹን ኮድ ሳታዩ ራሳችሁ ጻፉት። ሦስት ሳምንት ስጡት። ውጤቱ ከጽሑፉ ምስል ጋር ካልገጠመ የቱ ሒሳብ ላይ እንደምትንገዳገዱ በግልጽ ያሳያችኋል። እኔ ይህን ያደረግኩት በሁለተኛው ዓመት ነው፤ ርዕሴን የቀየርኩትም ያን ጊዜ ነው።

ሬንደሪንግ፣ ማለትም ትዕይንትን አስልቶ ወደ ምስል መለወጥ፣ ለሚፈልግ ሰው ጥሩው መነሻ ትንሽ ፓዝ ትሬሰር መጻፍ ነው፤ የብርሃንን መንገድ በዕጣ እየመረጠ የሚከተል ፕሮግራም ማለት ነው። መጀመሪያ ኳሶች ብቻ ይሣል። ቀጥሎ ሦስት ማዕዘኖች፣ ከዚያ ሦስት ማዕዘኖቹን ሳጥን በሳጥን ውስጥ አድርጎ የሚያደራጅ ዛፍ ጨምሩበት፤ ያለ ዛፉ አንድ ሚሊዮን ሦስት ማዕዘን አይታሰብም። ከዚያ ጨረር የምትመርጡበትን ዘዴ አስተካክሉ። መብራቱ ትንሽ፣ የዕቃው ገጽ ሻካራ ሲሆን ጨረሩን ወደ መብራቱ ማነጣጠር ያዋጣል። መብራቱ ሰፊ፣ ገጹ አንጸባራቂ ሲሆን ደግሞ ገጹ ወደሚያንጸባርቅበት አቅጣጫ መላክ ይሻላል። በአንዱ ብቻ የሄደ ሰው በሌላው ቦታ ምስሉ በነጠብጣብ ይሞላበታል። ኤሪክ ቪች በ1997 ስታንፎርድ ባቀረቡት የዶክትሬት ሥራ ሁለቱን በክብደት የማቀላቀልን መንገድ በዝርዝር አሳይተዋል፤ ዛሬ የፊልም ሬንደረሮች ሁሉ የሚቆሙበት መሠረት ነው። ያንን ክፍል በእርሳስና በወረቀት እየሠራችሁ አንብቡት።

ኮዱ ትክክል መሆኑን የምታውቁበት ርካሽ ፈተናም አለ። የሚመጣበትን ብርሃን ሁሉ የሚመልስ ኳስ በሁሉም አቅጣጫ እኩል ነጭ በሆነ ዓለም ውስጥ አስቀምጡ። ሒሳቡ ትክክል ከሆነ ኳሱ ከጀርባው ጋር ተመሳስሎ ይጠፋል። ጠርዙ ጠቆር ብሎ ከታየ ብርሃን እየጠፋባችሁ ነው፤ ነጣ ብሎ ከታየ ከየትም ያልመጣ ብርሃን እየፈጠራችሁ ነው። ግማሽ ሰዓት የማይፈጅ ፈተና ነው። እኔ ዘልዬው ስምንት ወር ሙሉ የአንድ ኮሳይን ስህተት ይዤ ዞርኩ።

ወደ ጽሑፍ ማሳተም ስንመጣ የመስኩ ዋና መድረክ ከ1974 ጀምሮ የሚካሄደው ሲግራፍ የተባለው ጉባኤ ነው። የጥናት ማስገቢያው አብዛኛውን ጊዜ ጃንዋሪ ላይ ይውላል፣ የእስያው ሲግራፍ ደግሞ ሜይ ላይ። ከቀነ ገደቡ ወደኋላ ቁጠሩ፦ ከ4 ሳምንት በፊት ዋናው ውጤት ይዘጋ፣ ከ2 ሳምንት በፊት ቪዲዮው ይጠናቀቅ፣ የመጨረሻው ሳምንት ለጽሑፉ ብቻ ይሁን። በመጨረሻው ሳምንት የቤተ ሙከራው ሰው ሁሉ ሬንደር ስለሚያደርግ ነጻ ማሽን አይገኝም።

የመጀመሪያ ጽሑፌ ውድቅ የሆነው በንጽጽሩ ምክንያት ነው። የእኔን ዘዴና የቀድሞውን ዘዴ በእኩል የናሙና ቁጥር፣ ማለትም በየፒክስሉ በተከተልናቸው የብርሃን መንገዶች ብዛት፣ አወዳደርኩ፤ የእኔ አንድ ናሙና ግን ሦስት እጥፍ ጊዜ ይወስድ ነበር። ገምጋሚዎቹ ወዲያው ያዙኝ። ንጽጽር በእኩል ጊዜ ይሁን፣ በአንድ ዓይነት ማሽን፣ ለረጅም ሰዓት ከተሠራ ማጣቀሻ ምስል ጋር። ስሌቱ ጨካኝ መሆኑንም አትርሱ፦ ነጠብጣቡን በግማሽ ለመቀነስ ናሙናውን አራት እጥፍ ማድረግ ግድ ነው፤ ከ64 ወደ 256፣ ከ256 ወደ 1,024። ስለዚህ “ነጠብጣቡን በግማሽ ቀነስኩ” የሚል ዘዴ በሰዓት ሲተረጎም የአራት እጥፍ ትርፍ ነው፤ እንዲያ ብላችሁ ጻፉት። ዘዴያችሁ የሚወድቅበትንም አንድ ምስል አብራችሁ አስገቡ፤ ገምጋሚ ራሱ ከሚያገኘው እናንተ ብታሳዩት ይሻላል።

ለግምገማ መልስ ስትጽፉ ገምጋሚው ቢሳሳት እንኳ “ተሳስተዋል” አትበሉ። የትኛው ገጽ ላይ መልሱ እንዳለ ጠቁማችሁ፣ ግልጽ ስላልነበረ እንደምታስተካክሉት ግለጹ። ግምገማው የደራሲ ስም ሳይታወቅ ስለሚካሄድ ስማችሁ ከጽሑፉ ላይ ብቻ ሳይሆን ከፒዲኤፉ መረጃ፣ ከቪዲዮው ፋይልና ከኮዱ ፎልደር ስምም ይጥፋ። ከምንም በላይ ደግሞ ለእያንዳንዱ ምስል የኮዱን ስሪት ቁጥር፣ የትዕዛዝ መስመሩንና የዕጣ ቁጥሩን (ፕሮግራሙ ዕጣ ማውጣት የሚጀምርበትን ቁጥር) በአንድ ትንሽ ፋይል ከጎኑ አስቀምጡ። ጽሑፌ ተቀባይነት አግኝቶ አንድ ምስል በትልቁ እንድልክ ስጠየቅ የትኛው ኮድ እንደሠራው ማወቅ አቅቶኝ አራት ቀን አልተኛሁም።

በዶክትሬቱ አጋማሽ ስቱዲዮ ውስጥ ኢንተርን፣ ማለትም ጊዜያዊ ተለማማጅ፣ ሆኜ ገባሁ። እንዲህ ያለ ቆይታ ሦስት ወር ገደማ ነው፤ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት የስቱዲዮውን ኮድ አጠናቅሮ ለማስነሳትና የፋይሉን አካሄድ ለመልመድ ይሄዳሉ፣ የመጨረሻው ሳምንት ለማስረከቢያ። የሚቀራችሁ ዘጠኝ ሳምንት ነው። በስምንተኛው ሳምንት በቪዲዮ ሊታይ የማይችል ችግር አትያዙ።

እዚህ ላይ ትልቁን ስህተቴን ሠራሁ፤ ስህተቱም የውል እንጂ የሒሳብ አልነበረም። በዩኒቨርሲቲ የጻፍኩትን የራሴን ላይብረሪ (የኮድ ስብስብ) ሥራ ለማፋጠን ብዬ የስቱዲዮው ኮድ ውስጥ ከተትኩት። ስወጣ የቱ የእኔ፣ የቱ የእነሱ እንደሆነ መለየት አልተቻለም፤ ለዶክትሬቴ እንደገና መጻፍ ነበረብኝ። ሳይቃጠል በቅጠል ነው ነገሩ። ውል ከመፈረማችሁ በፊት ሦስት ነገር በጽሑፍ ጠይቁ። አንደኛ፣ አስቀድማችሁ የሠራችሁት ኮድና ሐሳብ በዝርዝር በውሉ አባሪ ይያያዝ። ሁለተኛ፣ በቆይታው የሚገኘው ውጤት መታተም ይችላል ወይ? የሚፈቅደው ማን ነው? በስንት ሳምንት ይመልሳል? ሦስተኛ፣ ዩኒቨርሲቲያችሁ ወይም የምርምር ገንዘቡን የሰጠው አካል በሥራችሁ ላይ ምን መብት አለው? ሁለት ወገን የአንድን ኮድ ባለቤትነት ከጠየቀ መሐል ላይ የምትጨፈለቁት እናንተ ናችሁ። ለጽሑፉም የፊልሙን ገጸ ባሕርያት አትጠቀሙ። ፊልሙ ሳይወጣ ምስሉ አይፈቀድም፣ ጉባኤው ደግሞ ፊልሙን አይጠብቅም። ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ የራሳችሁን የሙከራ ትዕይንት ገንቡ።

ከምረቃ በኋላ በቋሚነት ስገባ ግን ነገር ዓለሙ ተቀየረ። በጽሑፌ ውስጥ አምስት የተዋቡ ምስሎች ነበሩ። ፊልም በሰከንድ 24 ፍሬም፣ ማለትም ነጠላ ምስል፣ ነው፤ የ90 ደቂቃ ፊልም 129,600 ፍሬም ይሆናል። አንዱ ፍሬም በአንድ ማሽን 10 ሰዓት ቢወስድ በ1,000 ማሽን 54 ቀን ሌትና ቀን ነው፣ ያውም እያንዳንዱ ፍሬም አንዴ ብቻ ከተሠራ፤ አንድ ሾት፣ ማለትም ሳይቋረጥ የሚታይ የፊልም ቁራጭ፣ ደግሞ እስኪጸድቅ ብዙ ጊዜ ይሠራል። በዚህ ሒሳብ የ10 በመቶ መዘግየት ከአምስት ቀን በላይ ነው። ከሺህ ፍሬም በአንዱ የሚበላሽ ዘዴ በፊልሙ ውስጥ 130 ያህል የተበላሹ ፍሬሞች አሉት። በጽሑፍ ውስጥ አማካዩን እንዘግባለን፤ ስቱዲዮ የሚጠይቃችሁ ስለ መጥፎው ፍሬም ነው።

ዘዴዬን ለመጀመሪያ ጊዜ በተንቀሳቃሽ ምስል ሳሳይ ክፍሉ ዝም አለ። እያንዳንዱ ፍሬም ለብቻው ያምራል፤ ሲጫወት ግን ጥላው ይፈላ፣ ማለትም ያለማቋረጥ ይንቀጠቀጥ ነበር። መንስኤዎቹን አንድ በአንድ ስፈልግ ያገኘኋቸው እነዚህ ናቸው፦ በጥቂት ነጥቦች ላይ ያሰላሁትን ብርሃን በመካከላቸው እዘረጋ ነበር፣ ነጥቦቹ ደግሞ በየፍሬሙ ቦታ ይቀይራሉ። ካሜራው ሲቀርብ ገጹ በተለየ መጠን ስለሚከፋፈል ጥላው ይዘላል። ነጠብጣብ አጥፊው ማጣሪያም እያንዳንዱን ፍሬም ጎረቤቱን ሳያይ ያጸዳል። ይህን ለማረጋጋት ብዬ የዕጣ ቁጥሩን በሁሉም ፍሬም አንድ አደረግኩት፤ ባሰበት። ነጠብጣቡ ስክሪኑ ላይ ተለጥፎ ገጸ ባሕርይዋ ከቆሸሸ መስታወት ጀርባ የምትሄድ መሰለች።

የሠራው መፍትሔ ይኸው። የዕጣ ቁጥሩ ከፒክስሉ ቦታና ከፍሬሙ ቁጥር ይሰላ፤ በየፍሬሙ ይለያያል፣ ፍሬሙ እንደገና ሲሠራ ግን ቅንጣት ሳይለወጥ ይመለሳል። ለማጣሪያው ከቀለሙ ሌላ የገጹን የራሱን ቀለም፣ የገጹን አቅጣጫና ነገሮች ከፍሬም ወደ ፍሬም የሄዱበትን ርቀት ስጡት፤ ያኔ ከፊትና ከኋላ ያሉትን ፍሬሞች አዛምዶ ያጸዳል። ብርሃን የሚያሰላው ነጥብ ስክሪኑ ላይ ሳይሆን ዕቃው ላይ ይተከል። ከዚያ ወዲህ 48 ፍሬም፣ ማለትም ሁለት ሰከንድ፣ በግማሽ ስፋት ሳልሠራ ለማንም ምስል አሳይቼ አላውቅም።

ሌላው ጣጣ ፋየርፍላይ የሚባሉት ጥቃቅን የሚያበሩ ፒክስሎች ናቸው። አንድ የብርሃን መንገድ በጣም ትንሽና ደማቅ ምንጭን በአጋጣሚ ሲያገኝ ዋጋው ለዚያች ትንሽ ዕድል ይካፈልና ግዙፍ ቁጥር ይሆናል። ሺህ ናሙና ብትጨምሩ አይሰጥምም። ንጹሑ መፍትሔ ያንን መንገድ በተሻለ ዘዴ መምረጥ ነው፤ ጊዜ ከሌለ ግን ለናሙናው ዋጋ ጣሪያ አብጁለት። ጣሪያው በተዘዋዋሪ ብርሃን ላይ ብቻ ይዋል፣ በቀጥታ የሚመጣውንና ዓይን ውስጥ የሚታየውን ብልጭታ አይንካ። ብርሃን እንደሚቀንስም ለመብራት ባለሙያዎቹ ንገሯቸው፤ ካልነገራችኋቸው የጠፋውን በሌላ መብራት ይሞላሉ፣ ከዚያ ማንም የማይፈታው ቋጠሮ ይሆናል።

የሜሞሪው ነገር ብቻውን ሌላ ጽሑፍ ይወጣዋል። ለእያንዳንዱ የፕሮሰሰር ኮር የራሱን 500 ሜጋባይት ጊዜያዊ ማከማቻ ሰጥቼ ነበር። አራት ኮር ባለው ማሽኔ 2 ጊጋባይት ነው፤ ማን ይገረማል? 32 ኮር ባለው የስቱዲዮ ማሽን 16 ጊጋባይት ሆነ። ሜሞሪ ሲያልቅ ፍሬሙ አይዘገይም፤ ይሞታል፣ ብዙ ጊዜም በዘጠነኛው ሰዓት። ከዩኒቨርሲቲ ሳትወጡ በከባድ ትዕይንት ሞክሩ። ዲዝኒ በ2018 ለተመራማሪዎች የለቀቀው ከሞአና ፊልም የተወሰደ የደሴት ትዕይንት ለዚህ ተስማሚ ነው፤ ፋይሉን ማንበብ ብቻ ለጥናት ጽሑፍ ተብሎ የተጻፈን ኮድ ጉድ ያወጣል። ስቱዲዮዎች በጋራ የሚሠሩባቸውን ፎርማቶችም ልመዱ፦ ለምስል ኦፕንኢኤክስአር፣ ለጭስና ለደመና ኦፕንቪዲቢ፣ ለትዕይንት ዩኤስዲ። ሦስቱም ክፍት ናቸው።

ትንሽ የምትመስል ግን ሳምንት የበላችብኝ ነገር፦ የቀለም ሥዕል ለስክሪን ተብሎ የተጠማዘዘ ቁጥር ይዟል፤ ከማስላት በፊት ወደ ቀጥተኛው መጠን መመለስ አለበት። የገጽ አቅጣጫና የከፍታ ሥዕሎች ግን ቀለም አይደሉም፤ እነሱን ከመለሳችኋቸው ጎርባጣው ሁሉ ይዛባል።

ጨርቅ ላይ የምትሠሩ ከሆነ ባራፍና ዊትኪን በ1998 ያቀረቡት ዘዴ በትልልቅ የጊዜ እርምጃ ቁጥሮቹ ከቁጥጥር ሳይወጡ ማስላት መቻሉን ታውቃላችሁ። መጽሐፍ የማይነግራችሁ የአኒሜሽን ገጸ ባሕርይ ፊዚክስን እንደማያከብር ነው። ራሱን በሦስት ፍሬም፣ በሰከንድ አንድ ስምንተኛ፣ ያዞራል፤ ክንዱ ጎኑ ውስጥ ይገባል፣ ከካሜራ ስለማይታይ ማንም አያርመውም። መሐል የተያዘው ጨርቅ መውጫ የለውም። ባራፍና ዊትኪን ከማይክል ካስ ጋር ሆነው በ2003 ያሳተሙት ሥራ በትክክል ይህንን ይመለከታል። ከሲሙሌሽን (እንቅስቃሴውን በፊዚክስ ከማስላት) በፊት ትዕይንቱ የሚለካው በሜትር ይሁን በሴንቲሜትር አረጋግጡ፦ የመሬት ስበት በአንዱ 9.8፣ በሌላው 980 ነው። ከተሳሳተ ቀሚሱ ወይ እንደ ሕንጻ መጋረጃ ይንሳፈፋል ወይ እንደ አሻንጉሊት ልብስ ይደርቃል። ሾቱ ከመጀመሩ በፊትም ገጸ ባሕርይው ከቀጥተኛ አቋሙ ወደ መጀመሪያው ፍሬም ቀስ ብሎ የሚገባበት ከ20 እስከ 50 ፍሬም ጨምሩ፣ ጨርቁ እንዲረጋ።

አስተሳሰቤን የቀየረው ግን ከአርቲስቶች ጋር መቀመጥ ነው። የሠራሁት የፀጉር መሣሪያ የብርሃን መምጠጫ ቁጥር ይጠይቅ ነበር፤ ለቀይ፣ ለአረንጓዴ፣ ለሰማያዊ፣ ከዜሮ እስከ መጨረሻ የለሽ። አርቲስቷ “ትንሽ ቡናማ” ለማድረግ አርባ ደቂቃ ቁጥር ስትቀያይር ከጀርባዋ ቆሜ አየሁ። ብሬንት በርሊ በ2012 የዲዝኒን የገጽ ሞዴል ሲያቀርቡ ያስቀመጡት መርሕ እዚህ ይረዳል፦ መቆጣጠሪያው ጥቂት ይሁን፣ ስሙ የሚታየውን ነገር ይግለጽ፣ ከ0 እስከ 1 ይሂድ፣ የትኛውም ድብልቅ የማይበላሽ ምስል ይስጥ። እኔም መቆጣጠሪያውን “የፀጉር ቀለም” አልኩትና የመምጠጫውን ቁጥር ከጀርባ ኮዱ እንዲያሰላ አደረግኩ። ፊዚክስን መጣስም የሚቻል ይሁን። ዳይሬክተሩ “ያ ጥላ ይነሳ” ሲል “ተፈጥሮ አይፈቅድም” የሚል መሣሪያ በማግስቱ ይጣላል።

ለቀን መቁጠሪያው ተጠንቀቁ። አዲስ ዘዴ የሚገባው በቅድመ ዝግጅት ወቅት ነው፤ ለሾቶች መብራት መሥራት ሲጀመር በሩ ተዘግቷል። ከዚያ በኋላ የጸደቀ ሾት እንደገና ሲሠራ ያው ምስል መውጣት አለበት። አንድ ጊዜ እውነተኛ የኮድ ስህተት አግኝቼ በደስታ አረምኩት፤ በማግስቱ ጠዋት የጸደቁ ሾቶች ሁሉ ጠቆር ብለው ተገኙ። እርማትም ቢሆን በማብሪያ ማጥፊያ ይግባ፣ መነሻው ጠፍቶ ይሁን፣ የሚፈልገው ሾት ብቻ ያብራው።

ስቱዲዮ ውስጥ ሆኖ ማሳተም ይቻላል፣ ግን ማንም አያስታውሳችሁም። ስኖ ማለትም በረዶን በቅንጣትና በፍርግርግ የሚያሰላው የ2013 ሥራ ከዩሲኤልኤና ከዲዝኒ የጋራ ጥረት ነው፤ ኬን ፐርሊን በ1982 በወጣው ትሮን ፊልም ላይ ሲሠሩ የኮምፒውተሩ ምስል ማሽን ማሽን ስለሸተታቸው ያመጡት ኖይዝ፣ ገጽን የተፈጥሮ መልክ የሚያስይዝ የዘፈቀደ ንድፍ፣ በ1985 ታትሞ በ1997 የኦስካር አካዳሚውን የቴክኒክ ሽልማት አግኝቷል። ረጅም ጥናት ባይቻል የሲግራፍን አጭር የሁለት ገጽ ገለጻ በየዓመቱ አቅርቡ፣ ሲጠይቋችሁ ገምግሙ። እኔ ሦስት ዓመት ምንም አላሳተምኩም፤ ለማስተማር ሥራ ሳመለክት የመጀመሪያው ጥያቄ ስለዚያ ክፍተት ነበር። በፊልሙ መጨረሻ ስማችሁ መግባቱንም ዝርዝሩ ከመዘጋቱ በፊት በጽሑፍ ጠይቁ፤ ከወጣ በኋላ የሚጨመር ስም የለም።

ስቱዲዮውን ስለቅ ኮድ ይዤ አልወጣሁም፣ እናንተም እንዳትይዙ። ይዤ የወጣሁት ለሕዝብ የቀረቡ ገለጻዎቼን ዝርዝርና ምስክር የሚሆኑኝን ሦስት ሰዎች ነው። አሁን ለአዲስ የዶክትሬት ተማሪ የመጀመሪያ ሥራ የምሰጠው 48 ፍሬም ነው፦ ካሜራው የሚንቀሳቀስበት፣ አንድ ቀጭን ነገር፣ አንድ አንጸባራቂ ነገርና አንድ ጥላ ያለበት። ውጤቱን በግማሽ ፍጥነት አንድ ጊዜ፣ ወደኋላ እየሄደ አንድ ጊዜ፣ ብርሃኑን አራት እጥፍ አድርገን ደግሞ ሦስተኛ ጊዜ እናየዋለን፤ ጥላ ውስጥ የተደበቀው ብልጭታ ብዙ ጊዜ የሚገኘው በዚህ በሦስተኛው ነው።